ጭቃ ሦስት፣ ገል አንድ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው የላቦራቶሪውን የሙቀት ሣጥን በከፈትኩ ቁጥር መዝገብ ላይ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ ነው። ሌሎቹ አይጽፉም። እነሱ ሊቃውንት ስለሆኑ ያስታውሳሉ፤ እኔ ሊቅ ስላልሆንኩ እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ጊሎ በሚባል የኢየሩሳሌም ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ኢየሩሳሌም ባለ አንድ ላቦራቶሪ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነበር። ስሜ አስናቀች ነው፤ አንደኛ ክፍል ያስተማረችኝ ሴት ለምላሷ ከብዷት ኦስናት አደረገችው። ዓይነ አፋር ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ የተናገርኩት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ «መስኮቱን ልዝጋው?» የሚል ነው።

ሥራችን ጉበት መሥራት ነው። እንግዳ ሲመጣ እንደዚያ ይባላል እንጂ የምንሠራው ምስር የሚያክል ቁራጭ ነው። የጉበት ሕዋስ ብቻውን ሳህን ላይ ሲቀመጥ ወዲያው አይሞትም። የሚሆነው ከሞት የባሰ አሳፋሪ ነገር ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራውን ይረሳል። ፕሮቲን መሥራቱን ይተዋል፣ መርዝ ማጥራቱን ይተዋል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ሥራውን እንዲያስታውስ አጠገቡ ሌሎች ሕዋሳት ያስፈልጉታል፤ የሚይዙት፣ የሚገፉት፣ ምልክት የሚልኩለት። እነዚህን ደጋፊ ሕዋሳት እንላቸዋለን። ሲያንሱ ጉበቱ ይረሳል። ሲበዙ ደግሞ ጠፍረው ያጨማድዱታል፣ ጠባሳ ያደርጉታል። የሥራው ጣጣ ሁሉ ልኩን ማግኘት ነው።

ደጋፊዎቹን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። የጉበቱ ሕዋሳት ባለቤት ዶክተር አቪ ነበር። አቪ ማለት አበጀ ነው፤ የአባ ይርጋ ልጅ፣ እንደኛው የጎንደር ቤተ እስራኤል፣ አባቱ ከኛ ሕንጻ ሁለት መንገድ ዝቅ ብለው የሚኖሩ። ደጋፊዎቹን «አሽከሮቹ» ይላቸው ነበር፣ በዕብራይስጥ፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። «ኦስናት፣ አሽከሮቹ በልተዋል?» ሰው ፊት አማርኛ የሚባል ቋንቋ አያውቅም። አንድ ነገር ሲፈልግ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና «እህት ዓለም» ይለኛል። ያቺን ቃል ስሰማ ወደ ቤት የምገባበትን ሰዓት በሁለት እገፋው ነበር። አንድ ጊዜ አባቱ የላኩትን የለቅሶ ወረቀት አምጥቶ አስነብቦኛል፤ ፊደል አይለይም። ፊደል አለማወቅ ነውር አይደለም፤ እናቴም አታውቅም። እሱ ግን ካነበብኩለት በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ፊደሎቹን እያየ «እነዚህ ትሎች» አለ። ያን ቀን በልቤ አንድ ነገር ጻፍኩበት።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በፊት አቪ ያለ አንድም ደጋፊ ጉበት አሳድጋለሁ ብሎ ነበር። «ንጹሕ ጉበት» ብሎ ስም አወጣለት። እንደሚሆን የጠበቅኩት ሆነ፤ በአሥረኛው ቀን ፕሮቲኑ ወደ ምንም ወረደ። እንደማይሳካ አውቅ ነበር። አልተናገርኩም። ሐሙስ የሙቀት ሣጥኑን ስከፍት ደጋፊዎቼ የነበሩበት ጠርሙስ ባዶውን ቆሞ አገኘሁት። ከፊተኛው መደርደሪያ የእሱን ሳህን አንሥቼ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግኩት። ሲጨንቀው የኔን ሕዋሳት ሁሉ፣ አንድ ሳይተው፣ ሳይቆጥር ገልብጦባቸዋል። ቁራጮቹ ተኮማትረው፣ ነጥተው፣ እንደ ደረቀ ማስቲካ ሆነዋል። ዶክተር የሚባል ሰው! አንድ ቀን ምንም፣ በሌላው ቀን እፍኝ ሙሉ።

ከሣጥኑ ውስጥ በስተኋላ፣ ቧንቧው ሥር፣ የኔ ሳህን ነበረች። ማንም ሳያዘኝ፣ በተራረፈ ነገር የሠራኋት። ልኳን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ አሁን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች፤ አገሯ ሳለች ግን ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ነው፤ ወቅጠው፣ ነፍተው ከጭቃው ጋር ያቦኩታል። ገል የሌለበት ማሰሮ እሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ የበዛበት ይፈረፈራል። «ጭቃ ሦስት፣ ገል አንድ» ትላለች፤ «የጭቃው ዓይነት ሲለወጥ ደግሞ በጣትሽ ጠይቂው።» እኔም በዚያው ልክ ጀመርኩ፤ ሦስት የጉበት፣ አንድ ደጋፊ። ሌሎች ልኮችም ሞክሬ ነበር፤ የቆመችው ይህቺ ናት። ስሟንም ልኳንም «ጭቃ ሦስት፣ ገል አንድ» ብዬ እንደ ልማዴ በሰማያዊ ብዕር ከሥሯ ጻፍኩ፤ በፊደል፣ ምክንያቱም የማስበው በእሱ ስለሆነ። ክዳን ላይ የሚጽፍ ሰው ክዳን የሚቀያየር መሆኑን የረሳ ሰው ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።

ሳህኔን ወደ ቦታዋ ስመልስ አቪ ከኋላዬ ቆሟል።

«ወጣ እንበል፣» አለኝ በአማርኛ።

ከላቦራቶሪው እስከ ኢትዮጵያ መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ወደዚያ የወሰደኝ ከሥራ ቦታ ሰው አይመጣም ብሎ ነው። እዚያ ያለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ግንብ ጥላውን ጥሎ መንገዱ ጸጥ ብሏል። ግንቡን ተደግፎ ቆመ፤ እኔ አልተደገፍኩም።

«ስሚ እህት ዓለም፣» አለ። «ያንን ሳህንሽን አይቼዋለሁ።»

«የቱን?»

«አትቀልጂ። ከኋላ የደበቅሽውን።»

«አልደበቅኩትም። የፊቱ መደርደሪያ ያንተ ነው።»

«በሴደር፣ እሺ፣ አልደበቅሽውም። እሁድ ፕሮፌሰሯ ሲመጡ እሱን የማሳየው እኔ ነኝ። የኔን አንቺ ትወስጃለሽ። ክዳን መቀያየር ብቻ ነው። ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም።»

«ያንተ እኮ ጠባሳ ሆኗል።»

«ለዚያ ነው የምለምንሽ!»

ነገሩ ገብቷችኋል። እሁድ ጠዋት ፕሮፌሰሯ የሁሉንም ሳህን ያያሉ፤ አንድ የዶክትሬት ቦታ አለ፣ ለእኔም አንድ ዕድል። የተጨማደደውን ይዤ ከቆምኩ ያ ቦታ ለሌላ ይሄዳል፤ እኔም ሰው ያዘዘውን ጠርሙስ ሳጥብ እቀራለሁ።

«የዶክትሬቱስ ቦታ?» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሌላ ዓመት ታገኛለሽ። የኔ ውል ግን ካልታደሰ አበቃ። ደግሞ ከኛ ውስጥ ስንት ሰው እዚህ ደርሷል? እኔ ስወድቅ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወድቀው። ሁላችንም ነን።»

«እኛ» የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ እኛ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህን ሲል አንዲት አሮጊት እማሆይ፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው የኪያር ከረጢት ይዘው አጠገባችን ደርሰው ቆሙ።

«ልጄ፣» አሉት፣ «የሰው ዕቃ ስትለምን እንኳ ድምፅህን ቀንስ። እዚህ መንገድ ላይ ድመቱም አማርኛ ይሰማል።»

አቪ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛን ሰው እንዳይሰማው እንደሚዘጋ በር ተጠቅሞበታል፤ በኢየሩሳሌም ሰፈሮች ሁሉ ውስጥ መርጦ መርጦ የመጣው ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ወደሚከፈትበት ነው። ይኼ ነው ሊቃችን።

እማሆይ ወደኔ ዞሩ። «አንቺንስ ማን አፍሽን ለጎመው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ በጠባቡ በር ገቡ።

«አስቢበት፣» አለኝ አቪ፣ ወደ ዕብራይስጥ ተመልሶ። በማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሕዝብ መካከል እየተገፋሁ ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ። የገፋኝን ሰው ሁሉ እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ዓርብ ሕዋሳቱን መገብኩ። ሳህኔ ደህና ናት። አቪ አልመጣም፤ ለካ ሌላ ሥራ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ከፊት አባ ዘለቀ፣ የሰፈሩ ሁሉ አስታራቂ፤ ከኋላ ጋሽ ፈረደ፤ ከሁለቱም ኋላ፣ ጫማቸውን እያዩ፣ የአቪ አባት አባ ይርጋ።

«ሰንበት ሰላም፣» አሉ።

«ሰንበት ሰላም፣ ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ!» እናቴ አስገብታቸው እኔን ወደ ጓዳ ገፋችኝ። ፊቷ በርቷል። «ማን ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «የተማረ ነው? ምነው አልነገርሽኝም? ያንን ቀሚስ ልበሽ!»

«እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም።»

«ሽማግሌ በሰንበት በእግሩ የሚመጣው ለምን መሰለሽ?»

ቀሚሱን ለበስኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ፤ ግን ለበስኩት። የሰንበት ዳቦ ይዤ ወጣሁ፣ አቀረብኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ።

አባ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ልመና ይዘን ነው። የጠየቅነውን ሳትሰጡን ዳቦውን አንቆርስም።»

«ጠይቁ እንጂ፣» አለች እናቴ። «ልጄ ገና ትምህርት ላይ ናት፤ ቢሆንም...»

«የአባ ይርጋ ልጅ ዶክተሩ ነው የላከን።»

እናቴ ወደኔ አየችና ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ዶክተሩ! እንዲያው እግዚአብሔር ሲፈቅድ...»

«ሳህኗን እንድትሰጠው ነው።»



«ምኗን?» አለች እናቴ።

«ሳህኗን።»

«የምን ሳህን? ሳህን አጥቶ ነው? ቤቱ ሳህን ሞልቶ የለ!»

ጋሽ ፈረደ ሳል አመለጣቸው፤ ሳል አልነበረም። አባ ዘለቀ ግን አልሳቁም። አቪ የነገራቸውን ሁሉ አሰምረው ተናገሩ፤ ልጁ ብዙ እንደለፋ፣ አንዲት ስሕተት እንዳጋጠመችው፣ እኔ ጥፋቱን በስሜ ባደርግ ምንም እንደማይጎድልብኝ። «እሷ ሴት ናት፣ ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች። እሱ ግን ስማችን ነው። ከኛ ወገን ፕሮፌሰር ሲወጣ የሁላችንም ልጅ አይደለም ወይ? ደግሞ ሥራሽ ደጋፊ ነው አሉ። ደግፊው እንጂ ልጄ!»

ከዚህ በፊት ሽማግሌ ፊት ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ናት ያናገረችኝ። ፈገግታዋ ጠፍቷል። «አስናቀች፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው? እንደሚገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ለእሷ ብቻ ስናገር ድምፄ ወጣ። ጉበቱ ጭቃው ነው፤ ደጋፊዎቹ ገሉ ናቸው፤ ያለ ገል ጉበቱ ጉበትነቱን ይረሳል፤ ሲበዛ ይኮማተራል።

«እና ልጁ ስንት ገል ጨመረ?»

«መጀመሪያ ምንም። ኋላ ያለውን ሁሉ።»

እናቴ ሳቀች። ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሲያዟት ሳትስቅ የኖረች ሴት፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት ጥርሷን አሳይታ ሳቀች። «ይኼማ ጭቃ ነክቶ አያውቅም!»

«ስለ ጭቃ ምን አመጣው አሁን፣» አሉ አባ ይርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «ጭቃውን እዚያው ትተን አይደለም የመጣነው?»

«እርስዎ ትተውት ይሆናል፣ አባ ይርጋ። በኔ ማሰሮ ውሃ እየጠጡ ነው የኖሩት።»

አባ ይርጋ ወደ ጫማቸው ተመለሱ። እናቴም ሽማግሌ አሳፍራ አትመልስም፤ «እንነጋገርበታለን፣ ዳቦውን ቅመሱልኝ» አለች። እኔ ዝም አልኩ። በኛ ባህል ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ አባ ዘለቀ ዝምታዬን እንደ እሺታ ተቀብለው፣ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ። የሚያሳዝነው፣ ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ኖረው አንድ ሰነፍ እንደ ተላላኪ ተጠቀመባቸው።

በሩ ሲዘጋ እናቴ ፍርፋሪውን እየሰበሰበች «ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ገበያ ላይ አንዲት ሴት ማሰሮዬን የኔ ነው አለች አንድ ቀን። አልተጨቃጨቅኩም። ገልብጬ ቂጡን አሳየኋት። የአውራ ጣቴ አሻራ እዚያ አለ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ደጋፊ መሆን ክቡር ነው ልላችሁ አይደለም። እንደዚያ የሚሉትን ሰዎች ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሁልጊዜ የሚደገፉት ናቸው። እኔ እነዚያን ሕዋሳት በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ትሑት አይደሉም። ጉበቱ ጉበት ይሁን ወይም ጠባሳ ይሁን የሚወስኑት በአመዛኙ እነሱ ናቸው፤ አሽከር ብሎ የሚጠራቸው ልካቸውን ያልቆጠረ ሰው ብቻ ነው። አቪን ንቄዋለሁ፣ አልክድም፤ እስከ ዛሬም ንቀቴ አልበረደም። ከእሱ ይልቅ ግን የናቅኳት ቀሚሱን ለብሳ ዳቦ ይዛ የወጣችውን ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምታዬን ጨዋነት እያልኩ ጠራሁት። ጨዋነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የእሱ «ንጹሕ ጉበት» እንደማይሆን በመጀመሪያው ቀን አውቄ አፌን ዘግቼ ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ ጠባሳ ጥቂቱ የኔም ነው። አሁንም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ያ በአንድ ቀን አይለቅም። ዝም ስል ግን ለምን ዝም እንዳልኩ አውቃለሁ፤ እሺ ማለቴ ካልሆነም እሺ እንዳልሆነ እናገራለሁ። የፊተኛው መደርደሪያ ዛሬ የኔ ነው። እንዴት የኔ እንደሆነ ለማወቅ እሁድ ጠዋት ያደረግኩትን ማወቅ ይበቃችኋል።

እሁድ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ላቦራቶሪ ደረስኩ። አቪ ቀድሞኛል። ክዳኖቹ ተቀያይረዋል፤ በኔ ሳህን ላይ «አቪ»፣ በተጨማደደው ላይ «ኦስናት»፣ ሁለቱም በእሱ ቆንጆ የዕብራይስጥ ጽሕፈት። «አባ ዘለቀ እናትሽን አመስግነዋል፣» አለኝ እየሳቀ። «ጨዋ ቤተሰብ ናችሁ።» ሳህኑን አልነካሁም። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

በሦስት ሰዓት ፕሮፌሰሯ ገቡ። «አቪ» የሚለውን ሳህን አንሥተው ማይክሮስኮፕ ላይ አደረጉ፤ ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ይስቅ ነበር። «ይኼ ሕያው ነው! እንዴት አደረግኸው?»

«ከአሽከሮቹ ትንሽ ጨመርኩበት፣» አለ።

«ስንት?»

«ልኩን ያህል፣» አለ፣ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ። ክፍሉ ሳቀ።

ተነሣሁ። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ውስጡ እንዳይፈስ ቀጥ አድርጌ፣ ከሁሉም ዓይን በላይ አነሣሁት። ሰማያዊው የአማርኛ ጽሕፈቴ ከሥር በመብራቱ ወለል ብሎ ታየ።

«ምን ይላል?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ሳህኑን ከፍ እንዳደረግኩ ወደ አቪ ፊት አዞርኩት፤ ሁሉም እየሰማ፣ በአማርኛ፣ «አንብብላቸው» አልኩት።